የድልድዩ ዘበኛ ገጽ

ጥቅምት 4
ሥራ እንደወትሮው። ሌንስ መሞረድ፣ ጠርዝ ማለስለስ፣ ፍሬም ማቃናት። አንዲት ደንበኛ መነጽሯ ላይ ተቀምጣበት መጣች። «ራሱ ነው የተሰበረው» አለች። እሺ... ይሁን።
ቤት ገብቼ ወደ ልቦለዴ። ጉድ ፈላ! የድልድዩ ዘበኛ ምዕራፍ ሦስት ላይ አንድ ዓይና ነው፤ ምዕራፍ ሰባት ላይ በሁለት ዓይኑ ያለቅሳል። መቼ በቀለለት? ማስታወሻዬ ግማሹ ስልኬ ላይ ነው፣ ግማሹ መነጽር ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ። የሰው ዓይን አስተካክዬ የራሴን ጽሑፍ ማየት አቃተኝ።

ጥቅምት 6
ለሊቁ ነገርኩት። ሱቅ ውስጥ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሁላችንም ሊቁ እንለዋለን።
«ዊኪ ነው የሚያስፈልግሽ» አለ። «ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ገጽ። ስሙን ስትነኪው ወደ ገጹ ይወስድሻል። ገና ያልጻፍሽው ደግሞ በቀይ ይታይሻል።»
«የትኛውን ልጫን ታዲያ?»
«እሱ እንኳ... ብዙ ነው።»

ጥቅምት 11
ሦስት ሞከርኩ። የመጀመሪያውን ሞገደኛው ብዬዋለሁ። ለመጫን ብቻ ቅዳሜዬን በላው። ሰርቨር ይላል፣ ዳታቤዝ ይላል... እኔ የምፈልገው አንድ ዘበኛ ማስቀመጫ! ሁለተኛዋ ቆንጆዋ። ኢንተርኔት ላይ ናት፤ የጋበዙት ሰው ገብቶ አብሮ ይጽፍባታል። ሦስተኛው ዝምተኛው። አንድ ፋይል ብቻ፣ ፍላሽ ላይ የሚቀመጥ፣ ማንም የማያየው።
ቆንጆዋ ታምራለች። ግን ማንን ልጋብዝ?

ጥቅምት 12
ማንን እንደምጋብዝ አውቃለሁ እኮ። ራሴን ለምን አታልላለሁ?
የልቦለዴ ከተማ የእኔ ብቻ አይደለችም። ልጆች ሆነን ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ጋር ነው የፈጠርናት፤ አልጋ ሥር፣ በባዶ የክብሪት ቀፎ። ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚደውለው ሰዓት... አብዛኛው የእሱ ነው። አሁን አውቶቡስ ነጂ ሆኗል። ስለ ከተማችን መጽሐፍ እንደምጽፍ አያውቅም። ቢስቅብኝስ? «ከተማዬን ሰረቅሽኝ» ቢለኝስ?
ዝምተኛውን መረጥኩ። ዝም አይነቅዝም።

ጥቅምት 25
ገጾቹ እየሞሉ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሰዓቱ፣ ወንዙ። የዘበኛውንም ዓይን ነገር ቆረጥኩ፤ አንድ ይበቃዋል።
አንድ ቀይ ርዕስ ግን አልለቅ አለኝ። «ዘበኛው ለምን አይተኛም?» ጋሼ ሁልጊዜ «የድልድዩ ዘበኛ አይተኛም» ይል ነበር። ለምን? ርግማን ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት። ሌባ ፈርቶ ነው... ሰረዝኩት። የመጨረሻው ምዕራፍ እዚህ ላይ ተገትሮ ቀረ። ምክንያቱን ካላወቅሁ መጨረሻ የለኝም።

ጥቅምት 27
አራተኛ ሶፍትዌር እያየሁ ሊቁ ደረሰብኝ።
«መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» አለኝ። «ያኛው ደግሞ ምን ጎደለው?»
ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ሰው ነው።

ኅዳር 1
ቆንጆዋን መልሼ ከፈትኩ። ገጾቹን ሁሉ ወደ እሷ አዛወርኩ። ለጋሼ መግቢያውን ላክሁለት። «ጋሼ፣ ከተማችን ናት። ሳልነግርህ መጽሐፍ እየጻፍኩባት ነው። ግባና እያት።»
ከዚያ ስልኩን ትራስ ሥር ቀበርኩት።

ኅዳር 3
መልስ የለም። መልእክቱን ግን አንብቦታል። ፈራሁ። ዛሬ ሌንስ አበላሸሁ፤ ደህና ሌንስ።

ኅዳር 5
ሥራ ገብቼ ቆንጆዋን ስከፍታት... ጋሼ ጽፏል! «ወንዙ በዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው የሚያልፈው፤ በፊት ለፊት አይደለም።» ቀጥሎ ደግሞ፣ «ይህን ሁሉ ሕዝብ ማን ያመላልሰዋል?» ብሎ የአውቶቡስ መስመር ዘርግቷል። ከነፌርማታው! መጽሐፌ ውስጥ! ሾፌሩ «እጅግ መልከ መልካም» ነው አሉ። ብቻዬን ሳቅሁ። ሊቁ ዞሮ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።
ቀዩን ጥያቄ ግን አልነካውም።

ኅዳር 8
ጋሼ ሱቅ መጣ። መነጽሩ ላልቶ ከአፍንጫው እየወረደ አስቸግሮት... ውሸቱን ነው፤ ምንም አልላላም። እኔም ብሎኑን ፈትቼ መልሼ የማጠብቅ መስዬ ጠየቅሁት።
«ጋሼ፣ ዘበኛው ለምንድን ነው የማይተኛው?»
«አንቺ እንድትተኚ ነዋ!»
«እ?»
«ረሳሽው? እማዬ የሌሊት ተራ ስትገባ፣ በሩ ላይ አፍጥጠሽ አልተኛም ትይ ነበር። ድልድዩ ላይ ዘበኛ አለ፣ እሱ አይተኛም፣ አንቺ ተኚ አልኩሽ። ተኛሽ።»
«አንተስ?»
«ዘበኛ አለ ካልኩሽ በኋላማ እንዴት ይተኛል? በሩ ሥር ቁጭ!» ሳቀ። «ክፍል ውስጥ ነበር የምተኛው። አስተማሪያችን ጠመኔ ሲወረውርብኝ ነው የምነቃው።»
እሱም ልጅ ነበር እኮ... ብሎኗ ከእጄ ወደቀች። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተንበርክከን ፈለግናት። ያለ መነጽሩ እሱ አገኛት።
«በይ ሚጣ፣ አታልቅሺ፤ ሰው ያያል» አለኝ።

ኅዳር 20
እሁድ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ጨረስኩ። ጋሼ ሊያነበው መጣ። ቀጥታ ከሥራ ነበር የመጣው፤ ጥቂት እንዳነበበ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ድሮ ቢሆን እቀየም ነበር። መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ አነሳሁ፣ ብርድ ልብስ ጣል አደረግሁበት፣ ሬዲዮውን ዘጋሁ። ወንበሬን ወደ በሩ ሳብ አድርጌ ኮምፒውተሬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።
የዘበኛው ጥያቄ አሁን ቀይ አይደለም። ጋሼ በአንድ ጣቱ እየለቀመ የጻፋት መስመር አለችበት፦ «እህቱ እንድትተኛ።»
ከሥሯ አንድ ጨመርኩ፦ «አንዳንድ እሁድ እሱም ይተኛል።»