ዝም ያለ ተስማምቷል፦ ይድረስ ለዳዋ ምክር ቤት ሰብሳቢ

ለተከበሩ ኢንጂነር ሙቲሶ ንዳምቡኪ
የዳዋ መሪ ምክር ቤት ሰብሳቢ
ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የዲያኒ ባሕር ዳርቻ ነፋስ ተስማምቶዎት፣ ስለ መልካም አስተዳደር በመከሩበት ሆቴል ዓሣውም ጥሞዎት እንደ ተመለሱ ተስፋ አለኝ። እኛ ኪሱሙ የቀረነው፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ ከአንዲት ነርስ በቀር።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ዳዋ በጎ ፈቃደኞች በነፃ የምንሠራው፣ ጤና ኬላዎች መድኃኒታቸውን የሚቆጣጠሩበት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነውና ነውሩም ክፍት ቢሆን ደንብ አይጥስም ብዬ ነው። እርስዎ ራስዎ በየመድረኩ «እኛ ዘንድ የሚደበቅ ነገር የለም» ሲሉ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤልዎታለሁ።

አንደኛ፤ የእትም ኃላፊ አድርጋችሁ ስለ ሾማችሁኝ አመሰግናለሁ። ሥራዬ የፕሮግራሙ አዲስ እትም ሳይፈተን እንዳይወጣ መጠበቅ ነበር። እርስዎ ግን እትሙን በሞምባሳው ጉባኤ ላይ ለማብሰር ስለ ቸኮሉ፣ «ይውጣ» የሚለውን ሐሳብ በኢሜይል መድረካችን ላይ የለጠፉት እኔ አጎቴን ልቀብር ቡንጎማ በሄድኩበት ሰሞን ነው። በደንባችን መሠረት አንድ ሐሳብ ቀርቦ በሦስት ቀን ውስጥ ተቃዋሚ ካላገኘ፣ ዝም ያለ ሁሉ እንደ ተስማማ ይቆጠራል። ሦስቱ ቀን ባለፈ ማግስት ተመልሼ፣ ኔትወርክ መሃል ላይ ሲቋረጥ ፕሮግራሙ አንዱን ካርቶን ሁለት አድርጎ እንደሚቆጥር ብጽፍልዎ፣ ስልክ ደውለው እየሳቁ «ናሊያካ እህቴ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ደንብ እኮ ደንብ ነው» አሉኝ። ስላስተማሩኝ ባለውለታዎ ነኝ።

ሁለተኛ፤ እትሙ ወጣ፣ ተጨበጨበልዎት። ሐይቁ ዳር ባለችው የራንያላ ጤና ኬላ ደግሞ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታ፣ የወባው መድኃኒት ኮምፒውተሩ ላይ እጥፍ ሆነ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው መደርደሪያውን ቢያዩ ግማሹ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ማሽኑን የሚጠይቅ ጠፍቶ የጤና ኬላዋ ብቸኛ ነርስ ሲስተር አዴሮ በስርቆት ተጠርጥራ ከሥራ ታገደች። በስልክ ያለችኝን ልንገርዎ፤ «አንቺ ልጅ፣ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን እቅፍ ያደርጉብኛል! እኔ ያዋለድኳቸው! ሌባ ልባል፣ በዚህ ዕድሜዬ?»

ሦስተኛ፤ ጥፋቱ የፕሮግራሙ መሆኑን የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለጤና ቢሮው እንድትጽፉ ለመንኩ። ምክር ቤቱ በጥልቀት ከመከረ በኋላ፣ በአጠቃቀም ፈቃዳችን ላይ «ምንም ዋስትና አንሰጥም» ተብሎ መጻፉን አስታወሰኝ። ጥፋትን ለማመን ንዑስ ኮሚቴ፣ ንዑስ ኮሚቴ ለማቋቋም ደግሞ መመሪያ እንደሚያስፈልግም ተነገረኝ። በእትሙ ማስታወቂያ ላይ ግን ስሜን ከነማዕረጌ ማስፈራችሁን አልረሳሁም፤ ነርሷም መጀመሪያ የረገመችው እኔን ነበር።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ተውኩት። ቁጥር የሚደረድረው የተረጋጋ ሰው ነው፤ እኔ ቂም ይዣለሁ፤ ላባብለውም አልሞከርኩም።

ስለዚህ እናንተ ዲያኒ ሳላችሁ፣ በዚያው መድረክ፣ በደንቡ ርእስና አቀራረብ፣ አንድ ሐሳብ ለጠፍኩ፦ «የክምችቱ ቆጠራ ስህተት የዳዋ አዲስ እትም ጥፋት መሆኑን ምክር ቤቱ ያምናል፤ ሲስተር አዴሮን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይህም በሰብሳቢው ስም ለጤና ቢሮው ይጻፋል።» አልደበቅኩትም፤ ለሁላችሁም ደርሷል። የተከበራችሁት ሰባት አባላት ስለ አስተዳደር ስትመክሩ፣ አንዳችሁም ሳትከፍቱት ሦስቱ ቀን አለፈ። በሙሉ ድምፅ ስለ ተስማማችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በስምዎ የጻፍኩት ደብዳቤ ትናንት ጤና ቢሮው ገቢ ሆኖ ማኅተም አርፎበታል።

ቅር ካለዎት መንገዱ ክፍት ነው። «ፕሮግራማችን ልክ ነው፣ ሌባዋ ነርሷ ናት» የሚል ሐሳብ ስምዎን ጽፈው በአደባባይ ይለጥፉ፤ አንብቤ እመልስልዎታለሁ።

ደንብ ከእርስዎ የተማርኩ፣ ከንግግርዎ ይልቅ በዝምታዎ እጅግ የተጠቀምኩ፣ ለጤናዎ የምጸልይ፣

ናሊያካ ዋፉላ
የዳዋ እትም ኃላፊ (እስክትሽሩኝ ድረስ)
ኪሱሙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሲስተር አዴሮ ሰኞ ሥራዋን ትጀምራለች። የይቅርታ ደብዳቤዎን ሁለቴ አስነብባኝ፣ «ውይ፣ ይሄ ሙቲሶ የሚሉት ሰውዬ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! የቱ ትልቅ ሰው ነው ‹ጥፋቱ የኔ ነው› የሚል? እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» ብላለች። አደራ ነውና አድርሻለሁ።