ቀድሞ የሚሮጥ ጊታር

ውድ የልጅነት ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሃል? የእናትህ ጉልበት ተሻላት? አንተስ የግሪምስቢ ዓሣ ገበያ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ከኀፍረቴ በቀር ደህና ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ፊትህን ፈርቼ ነው።

የባንዳችን የመጀመሪያ አልበም አለቀ። ደስ ይበልህ ልልህ ብዬ እጄ እንቢ አለኝ፤ ከዚያ በፊት የምናዘዘው ነገር አለ።

የሙዚቃ ኩባንያው ሰውዬ ከቺፕስ ቤቱ በላይ ወዳለችው መለማመጃችን የመጣ ቀን «ከእናንተ አንዱ ጊዜ አይጠብቅም፤ አዝማቹ ላይ ትሮጣላችሁ» አለን። ሁላችንም ወደ ድራሙ ዞርን። ጥፋት ሁሌ ከድራም ነዋ! ዘፋኛችን ሮዋን «ወንድሜ፣ አንተ ነህ እኮ» አለህ። አንተ እኔን አየኸኝ። እኔ ኮምጣጤ የጠገበ ድንቼን አየሁ። «እሺ፣ ይሁን» ብለህ የድራምህን ሳህኖች ፈታታህና ደረጃውን ወረድክ። አባቴን ከቀበርን ገና ሁለት ሳምንታችን ነበር።

እዚህ ሊድስ ስቱዲዮ ስንገባ ቅጥረኛ ድራመር አመጡልን፤ ጆሯችን ላይም ቲክ ቲክ የሚል ምት ቆጣሪ ሰኩብን። ሰውዬው ከምቱ ንቅንቅ አይልም። ሆኖም አዝማቹ ላይ ስንደርስ ዘፈኑ ተበተነ። ሰባት ጊዜ ቀዳን፣ ሰባት ጊዜ ተበተነ። በመጨረሻ አቀናባሪዋ ፊሊፓ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ልጅ፣ ባቡር ሊያመልጥህ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ።

በማግስቱ የድሮ ልምምዳችንን ቅጂ ከፍቼ ሰማሁ። አዝማቹ ሲመጣ ጊታሬ ፈትለክ ይላል፤ ያንተ ድራም ትንሽ ቆይቶ ይደርስብኛል። በየዘፈኑ እንደዚያው ነው። ስድስት ዓመት እኔ ስሮጥ አንተ እየተከተልክ ገመናዬን ስትሸፍን ኖረሃል። ምነው ያን ቀን አንዲት ቃል ብትተነፍስ ብዬ ተናደድኩብህ፤ ከዚያ ሐዘንተኛ ነው ብለህ እንደተውከኝ ገባኝና አለቀስኩ።

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሮዋን «እና ስድስት ዓመት ያላጠፋውን ሰው ነው ስንሰድብ የኖርነው?» ብሎ ራሱን ያዘ። ቤዝ መቺያችን ኒያል ሲጨንቀው የሚያውቀው ሻይ ብቻ ነውና ሻይ አፈላ።

የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ከድሮው ቅጂ የተወሰደ ነው፤ የምትመታው አንተ ነህ። ፊሊፓ ላስተካክለው ስትል አይነካም አልኳት። ሩጫችን እንዳለ አለ፤ ስምህም ሽፋኑ ላይ ተጽፏል።

ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ግሪምስቢ፣ ከገበያው ጎን ባለው ሙዚቃ ቤት እንጫወታለን። ቅጥረኛውን አመስግነን ሸኝተነዋል። ብትቀርም አልቀየምህም፤ ወንበርህ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም፣ ያለ ድራም እንጫወታለን። ከመጣህ አንተ ቁጠር፤ አንዴ እንኳ እኔ ልከተልህ።

እግዜር ለእናትህ ምሕረቱን፣ ላንተ ሙቀቱን ይስጥልኝ።

እስከ ዛሬ ቀድሞህ ሲሮጥ የኖረው፣
ጓደኛህ