ስድስተኛው ስም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
ሁለት ሌክቸር፣ አንድ ሽሮ። ዶርም ስመለስ ስድስተኛው አልጋ ሰው አግኝቷል። አቾል ትባላለች፣ ከጁባ፣ አንደኛ ዓመት። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠርተው «ገነቴ፣ አጋሯ አንቺ ነሽ፤ ግቢውን የምታለማምጃት። እንዳይከፋት አደራ» ብለውኛል። እኔ እያለሁ ይከፋታል? ከዶርም ልጆቹ ሮዳስ የመስኮቱን አልጋ ለቀቀችላት። አምስታችን ተማክረን ወሰንን፤ መጥረግ የለ፣ ውኃ መቅዳት የለ። እንግዳ ናት!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14
መጥረጊያ አነሳች። ሌላዋ የዶርማችን ልጅ ትርፊት ነጠቀቻት፤ «ኖ ኖ! ሲት!» ሳቅን። እሷም ሳቀች... ትንሽ። ካፌ ትሪዋን እኔ ያዝኩላት። ጎበዝ አጋር አይደለሁም?

ዓርብ፣ ኅዳር 20
ውኃ ጠፋ። ጀሪካን ተሸክመን ስንመለስ በመስኮት ታየናለች። እጄን አወዛወዝኩላት፣ ፊቷን አዞረች። ሮዳስ «የሆሳዕና ብርድ ነው» አለች። ብርድ ሰው ያስኮርፋል እንዴ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24
ጉድ! ሬጅስትራር በር ላይ አገኘኋት፣ የዊዝድሮው ፎርም ይዛ። ትምህርቷን አቋርጣ ልትሄድ!
«ማን በደለሽ?» አልኳት በእንግሊዝኛ።
«ማንም። ዶርማችን በር ላይ የለጠፋችሁት የጽዳት ተራ ላይ የአምስታችሁ ስም አለ። እኛ ቤት ቁጭ ብሎ የሚበላ እንግዳና በሽተኛ ነው። እኔ የቱ ነኝ? እስክመረቅ?»
ተናደድኩ። ያን ሁሉ ለፍተንላት! ቢሆንም እስከ ሰኞ እንዳትሞላው ለመንኳት።
ሆመቾ፣ ቤት ደወልኩ። እናቴ ታዝንልኛለች ስል ሳቀችብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤት ሄደሽ ሁለት ሳምንት አስቀምጠው ቢቀልቡሽ አትሸሺም? መጥረጊያውን ስጪያት!»

ረቡዕ፣ ኅዳር 25
ተራው ላይ ስሟን ጻፍኩ። ለቅዳሜ። ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አልፈጀም... አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28
ከዶርም አባረረችን! ፍራሽ ሳይቀር አራገፈች። አልጋ ሥር የሮዳስን ካልሲ አግኝታ «ሮዳስ! ምንድን ነው ይሄ?» በአማርኛ! ትርፊት ሁልጊዜ የምትለውን ነው፣ ከነቁጣው። ሮዳስ ይቅርታ ጠየቀች። ሮዳስ! በሳቅ ሞትን። ስለ ፎርሙ ግን አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1
ሰኞ አለፈ፣ አልሄደችም። ሞልታው ይሆን? ቢሮ «አቾል እንዴት ናት?» አሉኝ። «አምስታችንንም ታዘናለች» አልኩ።
ስመለስ በሩ ላይ አዲስ ተራ፣ በእሷ እጅ ጽሑፍ። ስድስት ስም። እኔን መታጠቢያ ቤት ሁለቴ!
«አቾል፣ ይሄ ግፍ ነው።»
«ባለፈው ተራሽ ተኝተሻል» አለች፣ ቀና ሳትል።
ልገነጥለው ጥጉን ገለጥ ሳደርግ ጀርባው ላይ ሕትመት አየሁ... የዊዝድሮው ፎርም። ስም የሚለው ቦታ ባዶ። እንባዬ መጣ። መልሼ በደንብ ለጠፍኩት፣ በአራቱም ጥግ።
ነገ ውኃ የኔ ተራ ነው። ሁለት ጀሪካን። ካረፈድኩ አለቀልኝ።