እልል የተባለልኝ ምስክርነት

ውድ ሚስማር፣

በዚህ ስም ስጠራህ ድሮ ታኮርፍ ነበር። ዛሬም ብታኮርፍ በወደድኩ፤ የጨረሰኝ ዝምታህ ነው። ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ በሩን ከፍቼ የአዳራሹን ሰዓት አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አምልኮው ሊጀመር አርባ ደቂቃ ቀርቶታል።

እህትህ ቤት ከሄድክ በኋላ እዚህ የሆነውን ማንም የነገረህ አይመስለኝም። በዚያው ሳምንት፣ በቤተ ክርስቲያን በምስጋናው ሰዓት፣ የአምልኮ መሪው "የተደረገለት ይመስክር" ሲል ማንም ሳይቀድመኝ ማይክራፎኑን ያዝኩ።

"በእንጨት ሥራ ቤታችን የከሰዓቱ ተራ የእኔ ነበር። ለመዘምራን ልምምድ ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተቀያየርን። መጋዙ የእሱን ሁለት ጣት ሲቆርጥ እኔ እየዘመርኩ ነበር። ጌታ ጠበቀኝ" አልኩ።

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እናትህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። እሳቸውም እልል አሉ። ስንወጣ አንገቴን አቅፈው "እንኳን አንተ ተረፍክልኝ" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያልመሰከርኩት ይኸውልህ። ያን ቀን ጠዋት ወፍራም ሳንቃ አላልፍ ብሎኝ ጣት የሚጠብቀውን የመጋዙን መከላከያ አነሣሁት። ስመልሰው ልምምዱ ረፍዶብኝ ብሎኖቹን ሳላጠብቅ ሮጥኩ። አለቃችን "ራሱ አላልቶት ነው" ብሎ ሲያባርርህ እዚያው ቆሜ ነበር። አንተ "አልነካሁትም" እያልክ ዐይን ዐይኔን ታየኝ ነበር። እኔ ግን ጫማዬን አየሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ትናንት እናትህ ቤት ሄጄ ተናገርኩ። እሳቸው ልብስ እያጠፉ ነበር። አላለቀሱም፣ አልሰደቡኝም። የያዙትን ሸሚዝ አጥፈው ጨረሱና "እኔማ ሰማሁ" አሉ። "እልል ያልኩልህ ግን በሰው ፊት ነው። የልጄንም ስም በሰው ፊት አጥራልኝ።"

መሪውን ሳማክረው "ይሄ የምስጋና ሰዓት ነው፣ ንስሐህን ለብቻህ ጨርስ" አለኝ። ምስጋናውን ለብቻዬ አልወሰድኩትም አልኩት። ማይክራፎኑን ቢከለክለኝ ጉሮሮ አለኝ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና ምንም አልሠራሁም። ራሴን ግን አላምነውም፣ ሚስማር። ስለዚህ ዛሬ በጉባኤው ፊት ልናገር ከመነሣቴ በፊት ይህን ወረቀት ለእናትህ እሰጣቸዋለሁ። አንደበቴ ቢተሳሰር እንኳ ፊርማዬ አለበት፤ ወስደው ለአለቃው ያሳዩት።

ብሎኑን ሳያጠብቅ የሄደው
የሥራ ባልደረባህ