ጋሽ ጎማ እና ገመዱን የተረከቡት አራቱ ወጣቶች

በሠፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጎማ» እየተባሉ የሚጠሩት ጎሚስታ፣ ከግንበኛው አባታቸውና ልብስ አጥበው ልጆቻቸውን ካሳደጉት እናታቸው፣ በ1941 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ይህን ያህል ሊማሩ የቻሉት ታናሽ ወንድማቸው ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ለአባታቸው ድንጋይ ያቀብል ስለነበር ነው፤ ይህም መነገር አለበት።

በ1960 ዓ.ም. የጎማ ሥራ ጀመሩ። ቀን ጎማ ሲነቅሉና ሲለጥፉ ይውላሉ፤ ጠዋትና ማታ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይደውላሉ። በ1968 ዓ.ም. በሆስፒታል ልብስ መተኮሻ ክፍል ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። ልጅ አልወለዱም።

ታናሽ ወንድማቸው ደወሉን እንዲያስተምሩት ለምኗቸዋል። አንድ ቀን ገመዱን አስይዘውት፣ «አንተ እጅህ ይቸኩላል፤ የፊተኛው ድምፅ ሳያልቅ ሌላ ትስባለህ» ብለው በሰው ፊት ነጠቁት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቃቸውም።

በ2009 ዓ.ም. ትከሻቸው አልታዘዝ አለ። ሽማግሌዎቹ የተቀዳ ደወል በድምፅ ማጉያ እናሰማ አሉ። ጋሽ ጎማ ግን «ተተኪ እስካገኝ ታገሡኝ» ብለው፣ ጎማ ሊያስነፋ የመጣውን ወጣት ሁሉ እየለመኑ አራት ሰበሰቡ፦ አንዲት ጸጉር ሠሪ፣ በብስክሌት ዕቃ የሚያደርሱ መንትያ ወንድማማቾች፣ እና «ድንች» የሚባለውን የኮሌጅ ተማሪ። እነሱም ቸኩለዋል። እንዲያውም በአንዲት እናት ቀብር ላይ የሐዘኑን ደወል አጣድፈው ሠርግ አስመስለውታል። ከእነሱ እጅ ግን ገመድ የነጠቀ የለም። ጋሽ ጎማ አጠገባቸው ቆመው «ቆይ፣ ድምፁ ይለቅ... አሁን ሳብ!» ሲሉ ዓመታት ከረሙ። ድንች «ጋሼ፣ እስኪያልቅማ እንቅልፍ ይወስደናል» ሲላቸው ይስቁለት ነበር። ወንድማቸው ቢላቸው ኖሮ አይስቁም።

ባለፈው ዓመት በሳንባ ሕመም አልጋ ያዙ። ወጣቶቹም በሽተኛ እንዳይረበሽ ብለው የደወሉን መምቻ በጨርቅ ጠቅልለው በቀስታ ይደውሉ ጀመር። ድምፁ እስከ መኝታ ቤቱ አልደርስ ሲል፣ ጋሽ ጎማ ጥለውት የሄዱ መሰላቸው። «ሰለቻቸው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እህል አልቀምስም አሉ። ባለቤታቸው ሄደው ቢጠይቁ፣ ጸጉር ሠሪዋ «እትዬ፣ እንዲያርፉ ብለን እኮ ነው!» ብላ አለቀሰች። ጨርቁ ወዲያው ተፈታ። በዚያው ማታ ጋሽ ጎማ ደወሉን ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «አልቸኮሉም» አሉ። ወንድማቸው አልጋው አጠገብ እያለ ነው ይህን ያሉት። ሾርባም ጠጡ።

ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

የደከመች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ትዕግሥቱን ይስጠን።

ጋሽ ጎማ የተለዩት ባለቤታቸውን፣ አራቱን የደወል ልጆቻቸውን እና አንድ ወንድማቸውን ነው። ቅደም ተከተሉን ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ እንዳዘዙት ተጽፏል።