ለሳቂታው የመረጥኩት ሞተር ሳይክል

ይድረስ ከእኔ ቀድመህ ለተወለድከው፣ ቀድመኸኝም ከቤት ለወጣኸው ለወንድም ጋሼ።

እንደምን ሰነበትክ? ብርድ ሲሆን የሚይዝህ ወገብህ እንዴት ነው? የጠመኔው ብናኝ አሁንም ያስልሃል ወይስ ክፍሉ መስኮት ወጣለት? እትዬስ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትልቋ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ደረጃው ብቻ ጉልበቷን ይዞባታል። ባለቤቴ ደህና ናት። ልጄ መሮጥ ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከወገብ በታች የሚቀመጥ ዕቃ የለም፤ ሁሉም ቁም ሣጥን ላይ ወጥቷል። እኔም ደህና ነኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዣታለሁ፤ ስርዙ ይታይሃል። ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኳት።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፈዋል ትል ይሆናል። ስልኩ ላይ አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ስደውልልህ የሚስትህ ወንድም፣ ሳቂታው፣ ከጎንህ ነበር። ምን እንዳልኩ እንኳ ሳይሰማ ይስቃል። አንተም አብረኸው ትስቃለህ። እኔ የምናገረው በሁለታችሁ ሳቅ መካከል፣ የመርፌውን ቀዳዳ እንደሳተ ክር፣ በጎን በጎን ይንሸራተታል።

አሁን የምሳ ሰዓት ነው። የምጽፈው የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። የምጠግናቸው አርባ የስፌት መኪናዎች በአንድ ጊዜ ሲቆሙ ጆሮዬ ውስጥ የሚቀረውን ነገር ነግሬህ ነበር። ዝምታ አይደለም። ሰው ወጥቶ ያለቀበት አዳራሽ ዓይነት ነገር ነው። እዚያ ውስጥ ሆኜ እውነቱን ብጽፍልህ ይሻላል።

ደብዳቤህ የደረሰኝ የዛሬ ወር ነው። አራት ገጽ። በአራቱ ገጽ ውስጥ የሚስትህን ወንድም አስራ አንድ ጊዜ አነሳኸው። ቆጥሬያለሁ። ሳቂታው እንዲህ አለ፤ ሳቂታው መንዳት ለመደ፤ ሳቂታው ከሌለ መንገድ አይገፋም። እኔን ሁለት ጊዜ አነሳኸኝ። አንዱ ፖስታው ላይ ነው። ሁለተኛው፣ አንተ የመኪና ነገር ስለምታውቅ፣ የሚለው ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለታችሁ፣ አባዬ ደብዳቤ ያደርስበት የነበረውን መንገድ ከድልድዩ እስከ ሐይቁ ልትነዱት ነው። አንተ ሥራ የምትመላለስበት ሞተር ሳይክል አለህ። ለሱ ይፈለግለት አልክ። ያገለገለ፣ ግን ያላረጀ። አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም የሚችል። ዕቃ የሚጭን። ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡበት ወገብ የማይቆርጥ። እዚያ ከተማ ብዙ ስለሚገኝ አንተ ምረጥለት፣ አልከኝ። ምረጥለት። ይህችን ቃል ብዙ ቀን ኪሴ ውስጥ ይዣት ዞርኩ።

ስለ በሩ ላስታውስህ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ቀዩን ሞተር ሳይክል ሲያስነሳ አንተ ከኋላው ትወጣ ነበር፤ የደብዳቤው ከረጢት በሁለታችሁ መካከል። እኔ በሩን ይዤ እቆማለሁ። አባዬ፣ እግርህ መርገጫው ላይ ሲደርስ አንተም ትሄዳለህ፣ ይለኛል። በየሳምንቱ ወጥቼ እለካ ነበር። ስትመለሱ ልብሳችሁ ቤንዚንና አቧራ ይሸታል። አንተን አቅፌ አሸተው ነበር። የናፈቅኩህ ይመስልህ ነበር። እግሬ መርገጫው ላይ በደረሰበት ዓመት መሥሪያ ቤቱ መኪና ገዛና አባዬ ሞተር ሳይክሉን አስረከበ። ያን ቀን በሩ ላይ ሳለቅስ ትከሻዬን ይዘህ፣ ዝም በል በቃ፣ ስናድግ እኔና አንተ እስከ ሐይቁ እንነዳዋለን፣ አልከኝ። ረስተኸው ይሆናል። እኔም የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት እየጠበቅኩ እንደነበር ያወቅኩት ደብዳቤህን ሳነብ ነው።

ያም ሆኖ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የአንድ መድኃኒት ሻጭ ነበር። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሙሽራ ጫማ የተወለወለ። ሰውየው ከመደብሩ ጀርባ አቁሞ ጠበቀኝ። ገና ቁልፉን ሳይሰጠኝ የአባዬን ነገር አደረግኩ፤ መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል። ቀድሞ አስነስቶ አሙቆታል፤ በብርዱ አልነሳ እንደሚል እንዳላውቅበት። የት ነድተኸው ነበር፣ ብለው፣ ኧረ ከትናንት ወዲያ አልነካሁትም፣ ብሎ ማለ። አመስግኜው ወጣሁ። በመንገድ ላይ ግን የሰውየው ውሸት አልነበረም የከነከነኝ። ደብዳቤህ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ለሳቂታው የአባዬን የመዳፍ ዘዴ አስተምሬዋለሁ፣ ብለሃል። ሌላውን ሁሉ ብታስተምረው ምን ነበረበት። ያን ግን፣ ጋሼ፣ ያን ለሱ አሳልፈህ ትሰጠዋለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሁለተኛው የአንዲት የከብት ሐኪም ነው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ።

ሴትዮዋ ጠና ያለች፣ አጭር፣ ፈጣን ናት። ዳሌዋ ተሰብሮ ከዳነ ወዲህ መንዳት ትታለች። መዳፌን ሳሳርፍ ሞተሩ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር። ያም ሆኖ በአንዴ ተነሳ፤ ድምፁ አያስልም፣ አያንኳኳም። ካቴናው ዘይት ጠጥቷል። ጎማዎቹ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆኑ፣ መሐላቸው ላይ ብቻ ትንሽ የተበሉ ናቸው፤ ብዙውን ዕድሜውን በደህና መንገድ ሄዷል ማለት ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ትልቅ ነው። ከኋላ የመድኃኒት ሣጥን የምትጭንበትን ብረት በጥሩ በያጅ አስበይዳዋለች። በግራ በኩል ሁለት ጭረት አለ። ሳልጠይቃት፣ ይኸኛው ጭቃ ነው፣ ይኸኛው የጎረምሳ ወይፈን ነው፣ አለችኝ። እንዲህ የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ልቀመጥበት ብዬ እግሬን አነሳሁ። ቁመቷ ስለማይፈቅድ መቀመጫውን አስቆርጣ፣ ሞላውንም አስቀንሳ ዝቅ አስደርጋዋለች። ጉልበቴ መሪው ጋ ደረሰ። ሳቀችብኝ። አንተ ረጅሙ፣ ለራስህ ከሆነ ይቅርብህ፣ ፌንጣ ነው የምትመስለው፣ አለችኝ። ለኔ አይደለም አልኳት። ለማን ነው? ለወንድሜ ሚስት ወንድም። ቁመቱስ? እጄን ደረቴ ጋ አድርጌ አሳየኋት። ያሳየኋት ከእውነተኛ ቁመቱ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ ነው። ይህንንም ልናዘዝልህ። እሷ ግን ደስ አላት። እንግዲያውስ በልኩ የተሰፋ ነው በለኛ፣ አለችኝ።

በልኩ የተሰፋ። ስፌት ቤት የሚውል ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔ ግን እጄን ከመሪው ላይ አነሳሁ። ለሱ ሁሉ ነገር በልኩ ይገኝለታል ማለት ነው አልኩ። ወንድም በልኩ። መንገድ በልኩ። አስቤበት እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ።

በማግስቱ ሦስተኛውን አየሁ። የአንድ መሬት ቀያሽ ነው። ቀጭን፣ ቀላል፣ ረጅም፤ ጎማው ጥርሳም ነው። ተራራ ለመውጣት የተሠራ ነገር ነው። አስፋልት ላይ ትንሽ ፈጠን ስል መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ይጮኻል። መቀመጫው እንደ አጥር ጫፍ ነው። ማጠራቀሚያው ትንሽ ስለሆነ ሐይቁ ሳይታይ ነዳጅ ያልቅበታል። ይህ ሁሉ ገብቶኛል። ግን ስቀመጥበት ሁለቱም ተረከዜ መሬት ረገጠ። ጀርባዬ ቀና አለ። ከሰዎች አጥር በላይ አየሁ፤ የታጠበ ልብስ፣ አንዲት ድመት፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሽማግሌ። እና አንተን አየሁ፤ ከፊቴ፣ አቧራ ውስጥ፣ እየነዳህ።

የዚያኑ ቀን ደወልኩልህ። የቀያሹ ይሻላል አልኩህ። መቀመጫው ይመቻል አልኩህ። ቁመቱስ ብትለኝ፣ ደህና ነው አልኩህ። ለማን ደህና እንደሆነ አልነገርኩህም። ሳቂታው ከጎንህ ሆኖ፣ እግዜር ይስጥልኝ በለው፣ እጁን እስመዋለሁ በለው፣ እያለ ሲጮህ ሰማሁ። በል እንግዲህ ያዝልን አልከኝ። ቀያሹም እስከ ቅዳሜ ለማንም አልሸጥም አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። የስፌት መኪና እየፈታሁ፣ ዘይት እያጠጣሁ፣ አንድ ሥዕል ይመጣብኛል። ዳገት ነው። ጠጠሩ ልል ነው። ሳቂታው ዕቃ ጭኖ ይቆማል፤ እግሩን ያወርዳል፤ መሬቱን ይፈልጋል። የለም። አንተ ቀድመሃል፤ መስታወትህን ታያለህ፤ መስታወቱ ባዶ ነው። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ እኔ እመጣለሁ። ሲወድቅ አላየሁትም። ይህን ነው የምፈራው፤ መውደቁን ዘልዬ ቦታውን ብቻ ነው ያየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ለእማዬ ነገርኳት። ተገኘለት፣ ዛሬ ሄጄ እይዘዋለሁ አልኳት። ቆንጆ ነው አልኳት። እሷ የምትጠጣውን አስቀምጣ ምን አለች መሰለህ? የልጁ እግር ይደርሳል ወይ፣ አለች። ይኸው ነው። ምንም አላሰበችበትም። በሩ ላይ ስለካ ከኋላዬ ቆማ፣ እስቲ ደረሰ ወይ፣ ትለኝ በነበረበት ድምፅ ነው የጠየቀችው። ዳቦውን መልሼ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ምን ሆነህ ነው፣ ሰሞኑን ፊትህ እንዳልተተኮሰ ጨርቅ ሆኗል፣ አለችኝ። አይደርስም፣ አልኩ። ለማን እንደመለስኩ እኔም አላውቅም።

ቀያሹ ጋ ሄጄ ተውኩት አልኩት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪሟ። አልተሸጠም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ለማላውቃት ሴት፣ በሯ ላይ ቆሜ። አልገረማትም። መጀመሪያ ቀንም ገዢ አትመስልም ነበር፣ የተቀማ ሰው ነበር የምትመስለው፣ አለችኝ። ከዚያ ቁልፉን ሰጠችኝና፣ መኪና ላይ እንዳትጭነው፣ ያንገላቱታል፣ ነድቶ የሚያደርሰው ሰው ፈልግ፣ አለችኝ።

ነድቶ የሚያደርሰው ሰው። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ከአለቃዬ አራት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ሐሙስ እነሳለሁ፣ ዓርብ ከሰዓት እደርሳለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ሦስት ቀን ይቀድመኛል። ከድልድዩ እስከ እናንተ ከተማ ያለው የአባዬ መንገድ ግማሹ ነው። እሱን ብቻዬን፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ እንደ ፌንጣ እነዳዋለሁ። ከእናንተ እስከ ሐይቁ ያለው የእናንተ ይሁን። እኔ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ይህን የምለው ጨዋ ለመምሰል አይደለም። ቅናቱ አልወጣልኝም። ሳቂታውን አሁንም አልወደውም፤ ሳቁን ተለማመድ ብትለኝም ጊዜ ይፈጅብኛል። ግን እግሩ ይድረስ። ሰው እግሩ እስኪደርስ በር ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ። በሩ ላይ ያልከኝን ታስታውሰው እንደሆነ ስመጣ ንገረኝ። ካላስታወስከውም የማታስታውሰው መሆኑን ንገረኝ። አስመስለህ እንዳትስቅ።

እትዬን ሳምልኝ፤ ለመኝታዬ እንዳትጨነቅ በላት፣ ወለሉ ይበቃኛል። ለትልቋ የአዝራር ሣጥን ይዤላታለሁ፣ አብዛኛው ሰማያዊ ነው። ትንሹን ጆሮውን ጎትትልኝ። እማዬ ሁላችሁንም በየስማችሁ ጠርታ ስማችኋለች፤ ባለቤቴም፤ ልጄም በእርሳስ የሞነጫጨረው ሰላምታው ከጀርባ አለ። ለሳቂታውም ሰላም በልልኝ። ሲቀመጥበት ሁለቱም ተረከዙ መሬት ይረግጣል።

አንተ ደግሞ ስደርስ ከማቀፍህ በፊት መዳፍህን ሞተሩ ላይ አሳርፍ። ይሞቃል። የምደብቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ከሩቅ መጥቼ ነው።

ታናሽህ

ከስፌት ፋብሪካው፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ
ሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን