የባሕር አረም በጾም ሽሮ ላይ

ለተከበሩ እትዬ እታለማሁ፣

የፍልሰታን ጾም በጤና ከጀመሩ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ያኔ የእህትዎ ጥርስ የወለቀው ደረጃ ላይ ወድቃ ነው ብዬ የጻፍኩልዎ ውሸት ነበር። የመታኋት እኔ ነኝ። ልጃችን ብሥራት በሩ ላይ ቆሞ አይቷል።

እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘንድሮ ጎመኑ አምሯል። የብሥራት ሚስት ቤዛዊት ማዕበል የሚተፋውን የባሕር አረም ከባሕር ዳር በጆንያ ታመጣና፣ ጨዉ እንዲለቅ አጥባ ሥሩ ላይ ታለብሰዋለች። ኮሪያዎቹ ሱቅ የሚሸጠውን ደረቁን ደግሞ ወቅጣ ሽሮ ላይ ትነሰንሳለች። ይጣፍጣል።

ሐሙስ ለት ብሥራት ከሥራ ሲገባ ሸተተው።

«በጾም ዓሣ ታበይኛለሽ?»

«ቅጠል እኮ ነው፣ አባባን ጠይቃቸው» አለችው።

አልጠየቀኝም። ድስቱን ከነሽሮው አንስቶ ክንዷ ላይ ገለበጠው። ጸጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ከምድጃው ጋር አጋጨው፤ ደሟ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። «ልቀቃት» ብዬ ያዝኩት። ዞሮ አየኝና፣

«አባባ፣ አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?» አለ። ለቀቅኩት። እንደገና መታት።

ቤዛዊት አሁን እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ እህቷ ዘንድ ናት፤ ክንዷ በፋሻ ነው። አረሙን እኔው እያጠብኩ አለብሳለሁ። ብሥራት እንዳያገኛት የእህትየውን አድራሻ ከስልኬ ላይ አጥፍቻለሁ፣ የዚህንም ቤት ቁልፍ አስቀይሬያለሁ።

እመቤታችን ጾሙን በሰላም ታስፈጽምዎ። በጸሎትዎ ብሥራትን አይርሱብኝ። ያን ለት ፖሊስ የጠራሁበት እኔ ነኝ፤ በሩንም የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።

አማችዎ አሥራት